የብላክ ሳባዝ ምርጥ ዘፈኖች ሸክላ፦ ከ8 ወር በኋላ

ጁላይ 30 ቀን 2025 በርሚንግሃም ውስጥ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ብሮድ ስትሪት አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ሹፌሩ «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» አለን። ወረድኩ። ሕዝቡ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ግራና ቀኝ ቆሟል። ከፊት ማርሽ ባንድ፣ ከኋላ የሮክ ባንዱ የብላክ ሳባዝ ዘፋኝ የነበረው የኦዚ ኦዝቦርን አስከሬን። ከጎኔ የቆመ ሽበታም ሰውዬ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለቅሳል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከብላክ ሳባዝ የማውቀው «ፓራኖይድ»ን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሥራ ባልደረባዬ ስልክ። «ምን ቢሠሩ ነው ሰው እንዲህ የሚያለቅስላቸው?» አልኩ በሆዴ። በሳምንቱ ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጡበት ሱቅ ገብቼ 22 ፓውንድ ከፍዬ ወጣሁ።

የገዛሁት «ዊ ሶልድ አወር ሶል ፎር ሮክ ኤንድ ሮል» ይባላል። በ1975 የወጣ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ነው። ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ 16 ዘፈን፤ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞች የተለቀመ። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ መብራት ሥር ሳዘነብለው ሁለተኛው ገጽ ግራጫ ሆኗል። አራተኛው ግን ገና እንደተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። የቀድሞው ባለቤት የቱን ሲሰማ እንደኖረ መጠየቅ አያስፈልግም። «ፓራኖይድ»፣ «ዋር ፒግስ» እና «አይረን ማን» ሦስቱም ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው። እኔም ብሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እሷኑ ስፈጃት ነው የከረምኩት።

ሽፋኑ ጥቁር ነው። ሲከፈት ውስጡ ሬሳ ሣጥን ውስጥ የተኛች ሴት አለች፤ መስቀል ይዛለች። አንድ እሁድ እትዬ፣ የባለቤቴ አክስት ናቸው፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኙት።

«በስመ አብ! ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ዘፈን ነው እትዬ።»

«የምን ዘፈን ነው ሣጥን ውስጥ የሚዘፈነው?»

መልስ አልነበረኝም። አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤት ያደገ መሆኑን፣ አንገታቸው ላይ የሚያስሩትንም መስቀል የኦዚ አባት በእጁ ሠርቶ እንደሰጣቸው ያነበብኩት በኋላ ነው። ለማንኛውም ሽፋኑ አሁን ከመጻሕፍት ጀርባ ነው የሚቀመጠው።

ወደ ዘፈኖቹ። የመጀመሪያው ገጽ የሚከፈተው በባንዱ ስም በተጠራው ዘፈን ነው። ዝናብ ይዘንባል። ደወል ይደወላል። ሸክላው ያገለገለ ስለሆነ ጭረቱ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ከጉድለቱ ያተረፍኩት ይሄንን ነው። ከዚያ ሦስት ድምፅ። ሦስት ብቻ፣ ቀስ ብለው የሚጎተቱ። ሦስተኛው ጆሮ ከሚጠብቀው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ አልገባ ያለ ይመስላል። ሄቪ ሜታል፣ የእነሱ ዓይነት ከባድ ሮክ፣ ጩኸትና ሩጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሄ ግን ለቅሶ ቤት ከሚገባ ሰው እርምጃ አይፈጥንም። የመጀመሪያው አልበማቸው የወጣው አርብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው። የተቀዳው በአንድ ቀን ነው ይባላል፤ ያስታውቃልም። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ ሲጫወት ይሰማችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባም። ልጁ የዚሁ የበርሚንግሃም፣ የአስተን ሰፈር ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ይሸጥ ነበር። እሱ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆዳ ለጠፈበት። ወፍራም ክር መጫን ስላቃተው ቀጫጭን ክር አሰረ። በኋላም ክሩን አላላው፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፣ ከበደ።

እኔ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ካርቶን የሚጨምቅ ማሽን አለን። ሁለት ቢጫ ቁልፎቹን በሁለት እጅ እኩል ካልተጫናችሁ አይንቀሳቀስም። ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ በተጫንኩት ቁጥር የራሴን ጣቶች አያለሁ። ዘፈኖቹንም የምሰማው እንደዚያው ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ቆቡ ክሩን ሲነካ የሰማሁ ይመስለኛል። ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ገጽ። «ፓራኖይድ» ቶሎ ይሰለቻል፤ ትቆጡኛላችሁ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። መጀመሪያ የወጣበት አልበም ሊያልቅ ሲል የጎደለውን ቦታ ለመሙላት በጥድፊያ የተሠራ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እንደ ሻይ ነው፤ ትጠጡታላችሁ፣ ያልቃል። ክራር የሚመታ ጓደኛዬ ግን ሶሎው ላይ፣ ጊታሩ ጎልቶ ለብቻው የሚጫወትበት ቦታ፣ ሲደርስ እጁን አንስቶ «ይሄማ ባቲ ነው!» አለኝ። ቤት ሄዶም በክራሩ ሞክሮ ቀድቶ ላከልኝ። አምስቱ ድምፆች ከባቲ ዓይነቶች በአንዱ ላይ ልክክ ይላሉ። አዮሚ ባቲን ሰምቶ አይደለም፤ ከብሉዝ ያገኘው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ቦታ እንግዳ ሆኜ አልሰማትም።

«አይረን ማን» ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኦዚ የራሱ ዜማ የለውም። ጊታሩ የሄደበትን እግር በእግር ተከትሎ ያዜማል፤ ማሲንቆው ከአዝማሪው ድምፅ እንደማይለየው ማለት ነው። የፈረንጅ ሙያተኛ ይሄን ስንፍና ሊለው ይችላል። ለኛ ጆሮ ግን የለመድነው ነው።

ከዚህ ገጽ ሳይሰለቸኝ የቀረው «ዋር ፒግስ» ነው። ስምንት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ የአደጋ ጊዜ ሳይረን ይጮኻል። ከዚያ ጊታሩ ሁለቴ መትቶ ዝም ይላል። በዝምታው ውስጥ የድራም መቺው የቢል ዋርድ ሲምባል ብቻ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። ያቺ ዝምታ ናት ዘፈኑ። ጦርነትን ቁጭ ብለው ስለሚያዙና ሄደው ስለሚሞቱ ነው የሚያወራው። አገር ቤት ስልክ ደውዬ የዘጋሁ ማታ ማታ አልሰማውም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ችግር ገጠመኝ። «ቱሞሮውስ ድሪም» ላይ መርፌው ይዘላል። አንድ ወዳጄ «ሳንቲም ጫንበት» ብሎኝ ጫንኩበት። መዝለሉን ተወ። በአምስተኛው ወር ደግሞ መርፌው አለቀ፤ 30 ፓውንድ። ሳንቲም አትጫኑ። በለስላሳ ብሩሽ ስጠርገው ነው በመጨረሻ የተስተካከለው፤ ቆሻሻ ነበር።

እዚያው ገጽ ላይ «ስዊት ሊፍ» የሚጀምረው በሳል ነው። አዮሚ ያስላል፣ ሳሉም ይደጋገማል። እኔ ሸክላው ተበላሸ ብዬ ሦስት ጊዜ መርፌውን አንስቻለሁ። ለካ የተቀዳው እንደዚያ ነው። ክሩን አላላው ያልኳችሁንም እዚህ ነው የምትሰሙት። ከዚህ በፊት ያለው «ፌሪስ ዌር ቡትስ» የ1970 ነው፤ «ስዊት ሊፍ» የ1971። በመሐል ወለሉ አንድ ደረጃ የወረደ ያህል ነው።

በሁለቱ መካከል «ቼንጅስ» አለ። ጊታር የለም፣ ድራም የለም። አዮሚ ፒያኖ ይጫወታል፣ ኦዚ ትዳር ስለመፍረሱ ያንጎራጉራል። ለወራት ዘልዬው ነበር። አሁን ባለቤቴ ራሷ ናት የምትከፍተው። «ይሄ ሰውዬ ካልጮኸ ድምፅ አለው» ትላለች። «ላጉና ሰንራይዝ» ደግሞ ያለ ዘፋኝ በአኩስቲክ ጊታርና በቫዮሊኖች የተሠራ አጭር ሙዚቃ ነው። እትዬ በሌላ እሁድ ሲመጡ ከፈትኩት። «ይቺ ደግ ናት፣ የማን ናት?» አሉ። የሣጥኑ ሰዎች ናት አላልኩም።

በጣም የገረመኝ ግን «ዋርኒንግ» ነው፤ ከሌላ ባንድ ወስደው የተጫወቱት 10 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ዘፈን። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት መሐሉ ላይ ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። ዘፈን ሆኖ ይጀምርና ድንገት ሰዎቹ ሁሉ ሄደው አዮሚ ብቻውን የቀረ ይመስላል። ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ይጀምራል። አሁን ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ መጀመሪያ የማስቀምጠው እሱን ነው።

ቅሬታዬ? ሸክላው የ1975 ስለሆነ ሁለተኛው ዘፋኛቸው ሮኒ ጄምስ ዲዮ የለበትም። ኦዚ በ1979 ከወጣ በኋላ ዲዮ ገብቶ በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል»ን ሠርተዋል፤ ያንን ለብቻው መግዛት ግድ ነው። «ሳቦታጅ» ከሚባለው አልበም የተወሰደው ዘፈንም አንድ ብቻ፣ እሱም ደካማው ነው። «ሲምፕተም ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ»ን ጥሎ እሱን የመረጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አልገባኝም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጁላይ 5 ቀን 2025፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ አራቱ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ሲጫወቱ ኦዚ መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ አራት ዘፈን ነው የዘፈነው። «ዋር ፒግስ»፣ «ኤን. አይ. ቢ.»፣ «አይረን ማን»፣ «ፓራኖይድ»። አራቱም የ1970 ናቸው፤ አራቱም እዚህ ሸክላ ላይ አሉ።

22 ፓውንዱ አልቆጨኝም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግን «እንደ አዲስ ነው»ን አትመኑ። ሁለተኛውን ገጽ መብራት ላይ አዘንብላችሁ እዩ። ግራጫ ከሆነ ሦስት አራት ፓውንድ አስቀንሱ።