«ፍሪረን» ወይስ «ዴሊሸስ ኢን ደንጀን»?

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ወራት የሁለቱም አዳዲስ ክፍሎች በየሳምንቱ ይወጡ ነበር። ሁለቱም በምናባዊ ዓለም የሚካሄዱ (ፋንታሲ) አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን ተከታታዮች፣ ናቸው፤ አጀማመራቸው ግን ለየቅል ነው።

«ፍሪረን» የሚነሳው ሌሎች ታሪኮች ከሚያልቁበት ነው። ጀግኖቹ የአጋንንቱን ንጉሥ ድል አድርገው ከ10 ዓመት ጉዞ ተመልሰዋል። አብረው የከዋክብት ውርጅብኝ ሲያዩ ከእነሱ አንዷ፣ ረጅም ዕድሜ ከሚኖረው የኤልፍ ዘር የሆነችው ፍሪረን፣ ለሚቀጥለው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለሚመጣው፣ እንደ ዋዛ ቀጠሮ ትይዛለች። ከሺህ ዓመት በላይ ለኖረች 50 ዓመት ምኗ ነው? ስትመለስ ግን ያኔ ወጣት የነበረው የጀግኖቹ መሪ ሂመል አጥሮ፣ ራሱ ተመልጦ ይጠብቃታል። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ቀብሩ ላይ፣ ያን ያህል አብራው ተጉዛ ምንም እንደማታውቀው ሲገባት እንባዋ ይፈሳል። ስቱዲዮ ማድሃውስ ይህን ያለ ጩኸት፣ በእርጋታ ነው ያሳየው፤ ሐዘኑ የሚዘልቀውም ለዚያ ነው።

«ዴሊሸስ ኢን ደንጀን» ሞቅ ያለ ነው። የጀብደኛውን የላዮስን እህት ደንጀን ውስጥ፣ ማለትም ጭራቆች በሞሉበት የምድር ውስጥ ላብራቶሪ መሰል ዋሻ፣ ቀይ ድራጎን ውጧታል፤ ስንቅም ገንዘብም ስለሌለ እሱና ጓደኞቹ ጭራቅ እየበሉ ሊያድኗት ይወርዳሉ። አብሯቸው የሚጓዘው ድዋርፍ (ድንክ) ሴንሺ የግዙፉን ጊንጥ ጭራ ቆርጦ ይጥላል፣ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፣ ከእንጉዳይ ጋር ይቀቅለዋል። ሲበስል ቀይ ይሆናል፤ ያስጎመጃል! ስትጸየፍ የነበረችው የቡድኑ አባል ማርሲልም ቀምሳ ትወደዋለች። የእህትየው መዋጥ ግን ቶሎ ታለፈ፤ ጭንቀቱ አልተሰማኝም።

እኔ «ፍሪረን»ን አስቀድማለሁ። በጃፓን የመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች በአንድ ምሽት ተከታትለው ስለታዩ፣ እናንተም እንደዚያው እዩአቸው።