ፔዳሉን ለፈቱልኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ስሞክር ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሁለቱን ቀን ስለ ሌሎቹ ብቻ በንዴት ጽፌ ጽፌ ደመሰስኩት። ዛሬ ብስክሌት መንዳት ስላስተማሩኝ ስለ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሼ ነው የምጽፈው። ንዴቱም ትንሽ ሳይኖር አይቀርም፤ ታገሡኝ።

46 ዓመቴ ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም ነበር። ልጆች ሳለን ታናሽ ወንድሜ ሲማር ከኋላው እየሮጥኩ ኮርቻውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። የእኔ ተራ ሲደርስ "አንቺ ደግሞ ወድቀሽ ጥርስሽን ልትሰብሪ ነው?" ተባልኩ። በዚያው ቀረ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ለዓመታት የምታየኝ ዶክተር የደም ግፊቴን ለካችና ዝም አለች። ከ140 በላይ ነው። ሌላ ቀን ቀጥራ ለካችኝ፣ ያው ነው። መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ ነገረችኝ። ሩጫ ሞከርኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። በእግር መሄድም ሞከርኩ፤ እኔ ግን ቶሎ የሚሰለቸኝ ሰው ነኝ። "ብስክሌትስ? ክብደትሽን ኮርቻው ይሸከምልሻል፣ ጉልበትሽ ላይ ቀለል ይላል" አለችኝ። አልችልም ማለት አፈርኩ። "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ብስክሌቷን የሸጠልኝን ቤት ስም አልጠራም። ሻጩ ልጅ ላይዋ ውጪና ልይሽ አላለኝም፣ ነድተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎም አልጠየቀኝ። "ማዘር፣ ይቺ ለአንቺ የተሠራች ናት" አለኝ፤ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ብወጣባት እግሬ መሬት አይደርስም። ተመልሼ ብነግረው ከስልኩ ላይ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ "ይለመዳል ማዘር" አለኝ።

ልማር ብዬ የከፈልኩት አሠልጣኝ ተብዬውማ ይባስ! ከኋላ ኮርቻዬን ይዞ እየገፋ "ባላንስ! ባላንስ!" እያለ ይጮህብኛል። እኔ ባላንስ የሚባለው ነገር የት እንደሚገኝ ባውቅ እሱን ምን አስከፈለኝ? ሁለተኛው ቀን ላይ ሳይነግረኝ ለቀቀኝ። ክርኔ ተላጠ። ዳር ቆመው የሚያዩ ጎረምሶች ሳቁ፤ የከፋኝ ግን እሱም አብሮ መሳቁ ነው። "በዚህ ዕድሜ ምን አስጨነቀሽ?" ብሎኝ አረፈው። ገንዘቤን ይዞ ቀረ፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ብስክሌቷ ሦስት ወር ሙሉ ጥግ ላይ ቆማ ልብስ ማስጫ ሆነች።

ጋሼን ያገኘኋቸው ልሸጣት ስወስድ ነው። ብስክሌት ይጠግናሉ። ጎማዋ ስለተኛ ነፋስ ይሙሉልኝ አልኳቸው።

"ምነው፣ ልትነጃት ነው?"

"አይ ጋሼ፣ ልሸጣት ነው።"

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ግፊቱን፣ ጉልበቴን፣ ሻጩን፣ መውደቄን፣ ሳቁን። እጃቸው ላይ የነበረውን ሥራ አስቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ። አልሳቁም። ስጨርስ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መፍቻ አነሱና ሁለቱን ፔዳሎች ፈትተው አወጧቸው።

ደነገጥኩ። ሰውየው ዕቃዬን ሊያስቀሩ ነው እንዴ? (ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ያን ጊዜ ማንንም የማላምን ሆኜ ነበር።) "ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ልጄ፣ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ልታጠኚ ስትይ ነው የተምታታብሽ። መጀመሪያ ሚዛኑን እንያዝ። መርገጡ እዳው ገብስ ነው።"

አንደኛው ፔዳል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላኛው ወደ ተቃራኒው እንደሚፈታም አሳዩኝ፤ ምክንያቱንም አስረዱኝ፤ አልገባኝም። የገባኝ ኮርቻውን ዝቅ ሲያደርጉልኝ ነው። ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጡ። የዚያ ሁሉ ወር ፍርሃት የአንድ ብሎን ጉዳይ ነበር!

"በይ አሁን በእግርሽ እየገፋሽ ሂጂ። የመጀመሪያዋ ብስክሌትም ፔዳል አልነበራትም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው በእግራቸው እየገፉ የሚሄዱባት" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ የፈጠሩት ተረት መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነታቸውን ነው። ካርል ቮን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ በ1817 እ.ኤ.አ. የሠራት ብስክሌት የምትሄደው በእግር እየተገፋች ነበር። ፔዳል የመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ በአንድ ከሰዓት ልማር የፈለግኩትን ዓለም ስንት ዓመት ፈጅቶበታል!

ሥራቸውን ሲዘጉ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ትንሽ ቁልቁል ወዳለው ሜዳ ወሰዱኝ። ሄልሜት ካላደረግሽ አላስተምርም ብለው ከቅንድቤ በላይ ሁለት ጣት ያህል አድርገው አስተካከሉልኝ። ከዚያ አጠገቤ እየተራመዱ "አልነካሽም፣ ግን እዚሁ ነኝ" አሉኝ። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ያኛው ይዞኝ ለቀቀኝ። እሳቸው ከመጀመሪያውም አልያዙኝም፤ ስለዚህ የሚለቀኝ ሰው የለም። ስፈራ እግሬን አወርዳለሁ፣ በቃ።

"ጎማውን አትይው። የምትሄጂበትን እይ።"

ቀና አልኩ። እግሬን አነሳሁ። ሦስት ሜትር፣ አምስት ሜትር፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ብስክሌቷ ዝም ብላ ይዛኝ ሄደች። ሦስተኛው ቀን ላይ ፔዳሎቹን መልሰው ገጠሙልኝ፤ ረገጥኩ፤ ሄደች። እየጮህኩ ነበር። እሳቸው ደግሞ ከኋላዬ "ፍሬን ያዢ! ልጄ፣ ፍሬን!" ይላሉ። አጥሩ አጠገብ ቆምኩ።

ስንት ልክፈል ስላቸው የነፋሱን ብቻ ተቀበሉኝ። ለምኜም አልሆነም።

በዚህም አላበቃም። ወር ገደማ ቆይቶ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ይኸው፣ ለዚህም አልታደልኩም ብዬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ግድግዳ አስይዘው ብስክሌቷ ላይ አወጡኝ፤ ፔዳሉን እስከ ታች አውርደው በተረከዜ እንድረግጠው ነገሩኝ። ጉልበቴ ገና እንደታጠፈ ነው። "ስትማሪ ዝቅ፣ ስትነጂ ከፍ" አሉና በተረከዜ ስረግጥ እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ ኮርቻውን አነሱት። በእግሬ የፊት ክፍል ስረግጥ ታዲያ ጉልበቴ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ማርሹንም አቅልዬ ቶሎ ቶሎ እንድረግጥ፣ ከባዱን እየታገልኩ ጉልበቴን እንዳልቀጣ መከሩኝ። የቀረውን የማርሽ ሊቅነት ለእሳቸው ትቻለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ጠፋ። ያ ሻጭ ይህን አያውቅም ነበር ወይስ አልገደደውም? እንጃ።

አሁን በሳምንት አራት ቀን 40፣ 40 ደቂቃ እነዳለሁ። 150ዋን አልፌያታለሁ! መጀመሪያ ትንሿ ዳገት ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ትደርስ ነበር፤ አሁን እያወራሁ እወጣታለሁ። እንቅልፌ ተስተካክሏል። ግፊቴም ወርዷል፤ መድኃኒቱን ግን አላቆምኩም፣ ዶክተሬ ሳትለኝም አላቆምም። እባካችሁ እናንተም በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። አላመነኝም። ቪዲዮ ላኩለት። ቆይቶ ደወለና ድምፁ ትንሽ ተለውጦ "ኮርቻውን ማን ያዘልሽ?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት።

እና በ40ም ሆናችሁ በ60 ያልቻላችሁ ወይም ያፈራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ጋሼ ጋ ሂዱ። የምትነዱትም ብትሆኑ፣ የሚያንገጫግጭ ወይም የሚያማችሁ ነገር ካለ ሂዱ። እንዲህ ዓይነት ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ዕቃ ልቀይር ብለው ወጪ አያስወጧችሁም፤ መጀመሪያ ሰውየውን ነው የሚያዩት፣ ከዚያ ብስክሌቱን። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፤ ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል ባይ ናቸው። ስለዚህ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። ስትሄዱ ግን አታቻኩሏቸው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበችልዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ፍሬኑ ደግሞ መጮህ ጀምሯል፤ ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ፤ የዚህኛውን ግን ሳልከፍል አልሄድም።