ጄል የቀለም ማስለቀቂያ ከስምንት ወር በኋላ፦ ቀለሙ ለቋል፣ ምልክቱስ?

የመስኮት ክፈፍ እየቀባሁ ሳለ የቀለም ቆርቆሮው ከመሰላሉ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ግማሽ ያህል የቀረው ነጭ የዘይት ቀለም በእንጨት በረንዳው ላይ ተዘረገፈ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ደንግጬ ጨርቅ አነሣሁና ወዲያና ወዲህ ጠረግሁት። አንድ ጣውላ ላይ ብቻ የነበረው ኩሬ ለአራት ጣውላ ተዳረሰ። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ነስንሼ፣ እስኪመጠጥ ታግሼ፣ ከዳር ወደ መሃል ብሰበስበው ኖሮ ማስለቀቂያውን መግዛት ባላስፈለገኝ ነበር።

በአኳራጅ የራሰ ጨርቅ የላይ የላዩን አነሣልኝ። (እንዲህ ያለውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት፤ የዘይት ቀለም ሲደርቅ ስለሚሞቅ ክምሩ በራሱ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።) በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሰረገው ቀለም ግን በአኳራጅ የሚበገር አልሆነም። በማግስቱ አንድ ሊትር ጄል የቀለም ማስለቀቂያ ገዛሁ፤ ዋና ንጥረ ነገሩ ቤንዚል አልኮል ነው። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበትን ያልፈለግሁት ሆን ብዬ ነው። ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ ነገር ግን ትነቱ ሰው ገድሏል፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለቤት ተጠቃሚ በማስለቀቂያነት እንዳይሸጥ ታግዷል። ኮስቲክ ሶዳ ያለበትንም ተውሁት፤ ታኒን (እንጨት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ንጥረ ነገር) የበዛበትን እንጨት ያጠቁራል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሸፈ። በቀትር ፀሐይ፣ በስሱ ቀባሁትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብመለስ ጄሉ ራሱ ደርቆ ሌላ ሽፋን ሆኖ ጠበቀኝ። ይህ ዕቃ ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋነቱን ካልተቀበሉት አይሠራም። ሁለተኛውን ቀን ጥላ እስኪወርድ ጠብቄ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አወፍሬ ቀባሁት፤ እንዳይደርቅም ላስቲክ አለበስሁት። ከአራት ሰዓት በኋላ ላስቲኩን ስገልጠው ነጩ ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ከእንጨቱ ተላቅቆ ነበር። በፕላስቲክ ስፓቱላ ገፋ ሳደርገው እየተጠቀለለ መጣ። ከዚያ በፊት የብረቱን ሞክሬ የራሰውን እንጨት ቦርቡሬዋለሁ፤ ጭረቱ አሁንም ይታያል። በእንጨቱ መስመሮች መካከል የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ ፈተግሁት። የሽቦ ብሩሽ አይሞከርም፤ ስብርባሪው እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል።

ሽታው ቀላል ነው፤ ይህ ግን አያዘናጋችሁ። ቀጭኑን የሕክምና ጓንት አልፎ ጣቶቼን አቃጥሎኛል፤ ወፍራም፣ ኬሚካል የሚቋቋም ጓንት ያስፈልጋል። ሲያልቅ እንጨቱ በውሃ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ቅሪቱ ካልወጣ በላዩ የሚቀባው ዘይት አይይዝም። ለማጠብ ግፊት ያለው የውሃ መርጫ መጠቀም አምሮኝ ነበር፤ የእንጨቱን ክሮች እንደሚያስነሣ ስለማውቅ ተውሁት።

እስከዚህ ድረስ አምስት ከአምስት እሰጠው ነበር። ቅሬታዬ የጀመረው በረንዳው ሲደርቅ ነው። ማስለቀቂያው የፈሰሰውን ቀለም ከቀድሞው የእንጨት ዘይት አይለይም፤ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ነጩ ነጠብጣብ በነበረበት ቦታ፣ ከርሱ የሰፋ፣ ገርጣ ያለ ደሴት ቀረልኝ። ያንኑ ዘይት ገዝቼ ደሴቱን ብቻ ብቀባው ከዙሪያው ይበልጥ አበራ፤ ዙሪያው ለዓመታት ፀሐይ የመታው ነዋ። የፀሐይ ጨረር ሊግኒንን (የእንጨቱን ክሮች የሚያያይዘውን ንጥረ ነገር) እየሰባበረ እንጨቱን ግራጫ ያደርገዋል፤ አዲስ የተገለጠው ገጽ ደግሞ ገና ትኩስ ነው። አምስተኛው ወር ላይ ልዩነቱ እየደበዘዘ መጣ፤ አሁን በስምንተኛው ወር ከሩቅ አይታይም። እኔ ግን ቡናዬን ይዤ በተቀመጥሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ነው።

ዳግመኛ ቢያጋጥመኝ ደሴት አልሠራም። ቀለም የነካውን ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስለቅቄ፣ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ጣውላውን በሙሉ እቀባለሁ። ጣውላ ከጣውላ ቢለያይ እንጨት ነውና ማንም አይደነቅም፤ በአንድ ጣውላ መካከል የሚቆም የቀለም ድንበር ግን ወዲያው ይጋለጣል። ዘይት ከመቀባቴ በፊትም ጠብታ ውሃ ጣል አደርጋለሁ፤ ቶሎ ከጠጣው እንጨቱ ዝግጁ ነው፣ ተድቦልቡሎ ከቆመ ገና ነው።

ለሌላ ሥራም ሞክሬዋለሁ። የብረት ወንበር ላይ ግሩም ነው። የደረቀ የውሃ ቀለም ጠብታ ላይ ግን ማባከን ነው፤ በአልኮል የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል። ወለላችሁ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተቀላቀለ ከሆነ በማይታይ ጥግ ሳትሞክሩ አትንኩት።

በጣውላዎቹ መካከል ገብቶ የረጋው ቀለም እስካሁን እዚያው ነው፤ ጄሉ ቁልቁል እየፈሰሰ አልያዝ አለኝ። ከቆርቆሮው ሩቡ ተርፏል፤ ክዳኑ በራሱ ጄል ተጣብቆ በካቻቢቴ ነው የሚከፈተው። አራት ከአምስት።