ዙም የሌላት ሌንስ፦ ካኖን 50 ሚ.ሜ ኤፍ/1.8 ኤስቲኤም ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዙም የላትም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ የላትም፣ ክብደቷም 160 ግራም ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣችውን ይህችን ሌንስ ብዙዎች የጀማሪ እያሉ ይንቋታል። አሮጌ ኤፒኤስ-ሲ (አነስ ያለ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ ለወራት ሳትነቀል ከሠራች በኋላ ግን ፎቶ ማንሳትን ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ዕቃ የግድ አይደለም ማለት ይቻላል። ጠባይዋን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

በኤፒኤስ-ሲ ላይ እይታዋ ትልቅ ሴንሰር (ፉል ፍሬም) ባለው ካሜራ ላይ እንደተገጠመ 80 ሚ.ሜ ሌንስ ይጠባል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው አሰልፎ ማንሳት አይታሰብም፤ ጀርባዎ ግድግዳ ቢነካም ዳር የቆመው ይቆረጣል። ለፊት፣ ለእጅና ለጠረጴዛ ላይ ዕቃ ግን ልክ ናት። ዙም ስለሌላት እግር ይሠራል፤ ደስታውም ያለው እዚያው ላይ ነው። በዙም ምስሉ ይጎላል እንጂ የፊተኛውና የኋለኛው ነገር መጠን እርስ በርሱ አይለወጥም። አንድ እርምጃ ሲጠጉ ግን የፊተኛው ይገዝፋል፣ የኋለኛው ይሸሻል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወደው ኤፍ/1.8ን፣ ማለትም የብርሃን ቀዳዳዋ (አፐርቸሯ) በጣም የሚሰፋበትን ቁጥር ነው፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸውም በሱው ነው። ከ1 ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ብዥ ይላል። የፎከስ (ምስሉ የሚጠራበትን) ነጥብ ለካሜራው ከተዉለት ብዙ ጊዜ ቅርብ የሆነውን አፍንጫ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ ወደ ካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ሳይወዛወዙ ሦስት አራት ፎቶ ማከታተል ይሻላል። ቀዳዳው ጠበብ ሲል፣ ኤፍ/2.8 ላይ ሥራው ይቀላል፣ ኤፍ/5.6 ላይ ጥራቱ እስከ ጥግ ይደርሳል። በደማቅ ሰማይ ፊት የቅርንጫፍ ጠርዝ ላይ የሚታየው ሐምራዊ ቀለምም አፐርቸሩ ሲጠብ ይቀንሳል።

ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ከ1/100 ሴኮንድ አለማስረዘም ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ከሆነ 1/200። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ከፍ ማድረግ ይሻላል። አሸዋ አሸዋ የሚል ፎቶ በኋላ ሊስተካከል ይችላል፤ እጅ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘውን የሚያድን የለም።

ለሙከራ አንድ መስኮት ይበቃል። ሰውየውን ከመስኮቱ 1 ሜትር ያህል አርቆ ጎኑን ለብርሃኑ እንዲሰጥ ማስቀመጥ፤ የቀለም መደባለቅ እንዳይመጣ የክፍሉን አምፖል ማጥፋት፤ በጨለመው ጉንጭ በኩል ነጭ ካርቶን ማቆም። ካርቶኑ ሲጠጋ ጥላው ይሳሳል፣ ሲርቅ ይጠቁራል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ጥቁር ከሆነ ካሜራው ፊትን አለቅጥ ያነጣል፤ የኤክስፖዠር (የፎቶው ብርሃን መጠን) ማስተካከያውን ወደ -2/3 ማውረድ ነው።

በጣም የምትጠጋው እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እዚያ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነገር ፍሬሙን ይሞላል። በሌንሷና በካሜራው መካከል የሚገባ ባለ 25 ሚ.ሜ ማራዘሚያ ቀለበት ከተጨመረ ስፋቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቀለበቱ የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለው መሆን አለበት። ርካሹና መገናኛ የሌለው ከተገዛ አፐርቸሩን ማዘዝ አይቻልም፤ የፎከስ ቀለበቷም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ በእጅ ቢያዞሩት ምንም አይፈጥርም። ማታ ደግሞ ካሜራውን አጥር ላይ አስቀምጦ፣ ኤፍ/11 ላይ በ2 ሴኮንድ ታይመር የመንገድ መብራት ቢያነሱ ሰባቱ የአፐርቸር ቅጠሎች ባለ 14 ጨረር ኮከብ ይሠራሉ።

አካሏ ፕላስቲክ ነው፣ ካሜራው ላይ የሚገጠመው ቀለበት ግን ብረት ነው። ደካማ ጎኗ ወደ ፊት የሚወጣው ቱቦ ነው። ቅርብ ነገር አንስተው ካሜራውን ሲያጠፉ እንደወጣ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ የሚያርፍበት ምት በቀጥታ የፎከስ ሞተሩን ያገኘዋል። ከማጥፋት በፊት ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ አድርጎ ማስገባት፣ ኢኤስ-68 የተባለውን ሁድም (የሌንሷን ፊት የሚከልል ቀለበት) አለማውለቅ ይመረጣል። ቪዲዮ ላይ የካሜራው ማይክ የሞተሩን ድምፅ ይለቅማል።

ዋና ፍላጎቱ ቤት ውስጥ የቡድን ፎቶ ወይም ሰፊ መልክዓ ምድር የሆነ ሰው ከካሜራው ጋር የመጣችውን 18–55 ሚ.ሜ ዙም ሌንስ ባይሸጣት ጥሩ ነው። ያገለገለች የሚገዛ ደግሞ የስልክ መብራት በመስታወቱ ውስጥ አሳልፎ የሻጋታ ድር መኖሩን ይፈትሽ። ከ35 ሴንቲ ሜትር እስከ ሩቅ ደጋግሞ ፎከስ ያድርግ፤ መንተፋተፍ ወይም የመፋቅ ድምፅ ካለ ይተዋት።