የአባቴ ቮልስ ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክሽን ስትዞር ያለፈችባቸው እጆች

አባቴ ቮልሷን የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1972 ምርት፣ 1,584 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ አንድ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ)። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የሞተሪኖዋ (የማስነሻዋ) ድምፅ ነው። ደጋግሞ ያጉረመርማል፤ ከዚያ አባቴ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ቤንዚን እየረገጠ ይለማመጠዋል። ጭሷ ጥቁር ነው፤ ኮቱ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መኪናዋን ግን አይሸጣትም፤ እኔም እንዲሸጣት አልፈልግም። ዘንድሮ የአምስት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ ኢሲዩውን (የሞተሩን ሥራ የሚያዘውን ኮምፒውተር)፣ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮችና ሴንሰሮቹን በሻንጣ ይዤ የመጣሁት ካርቡሬተሩን በኢንጀክሽን ለማስቀየር ነው። የማንንም ስም አልጠራም። የምጽፈው ሥራው እንዴት እንደተሠራ ነው፤ እንደኔ ከውጭ መጥቶ የቤተሰብ መኪና ለማሠራት ለሚያስብ ሰው ይጠቅመዋል።

ካርቡሬተር ነዳጅ የሚስበው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር ነው። የነዳጁ ቀዳዳ ስፋት የተለካ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቀዳዳው አብሮት አይጠብም። በባሕር ጠለል አካባቢ የአየሩ ግፊት ወደ 100 ኪሎፓስካል ነው፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። ደጋ ላይ የምትውል መኪና እንግዲህ አየሩ ሩብ ያህል ጎድሎባት ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይቀነስላትም። ጥቁር ጭሱና የካንዴላው ጥላሸት ከዚህ ይመጣል። ኢንጀክሽን ላይ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ኢሲዩው ያንን፣ የአየሩን ሙቀትና የሞተሩን ዙር አይቶ ኢንጀክተሩ ስንት ሺኛ ሰከንድ እንደሚከፈት ያሰላል።

«የቮልስ ሞተር ኢንጀክሽን አያውቅም፣ ታበላሹታላችሁ» ያሉን ጎረቤቶች ነበሩ። በቅን ልብ ነው ያሉት፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፎልክስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. ለ1968 ሞዴል ታይፕ 3 በሚባለው መኪናው ላይ የቦሽን ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ገጥሞ ለገበያ አቅርቧል። ከ1975 ጀምሮ አሜሪካ ይሸጥ የነበረው ቮልስም በኢንጀክሽን ነበር፤ በ2003 ምርቱ ያቆመው የሜክሲኮው የመጨረሻ ቮልስም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ

ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ጨርሰው ሰጡን። ሞተሩ ሲነሳ አባቴ እጁን አጨበጨበ፤ እኔም ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን የኋላ ክዳኑን ስከፍት የነዳጁ ጎማ (ቱቦው) ርሶ አገኘሁት። የድሮው ሜካኒካል ፖምፓ ነዳጁን የሚገፋው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር በሚሆን ግፊት ነው። የኢንጀክሽን ፖምፓ ወደ 3 ባር ይገፋል፤ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ማለት ነው። እነሱ ግን ለካርቡሬተር የሚሆነውን ተራ ጎማ እንደነበረ ትተው፣ ጎማውን በሚበላ ስለታም ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) አጥብቀውት ነበር። ከጎማው በታች ያለው የጋለ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ነው። ቮልስ በእሳት የምትታወቅ መኪና ናት፤ ብዙዎቹ የተቃጠሉት ከኋላ ሞተሩ ላይ በተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ ምክንያት ነው። አባቴ በዚያች መኪና ውስጥ የልጅ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት አሁንም አልረሳሁትም።

የሽቦው ሥራም ከዚህ አይሻልም ነበር። ሽቦ ከሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፖምፓው ያለ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በቀጥታ ከቁልፉ ተቀጥሏል። መኪናዋ ብትጋጭና ሞተሩ ቢጠፋ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ፖምፓው ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል ማለት ነው። በትክክለኛው አሠራር ፖምፓውን የሚያዘው ኢሲዩው ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ያህል ያስነሳዋል፣ ሞተሩ ካልዞረ ያጠፋዋል። ይህን ስነግራቸው «ይሠራ የለም እንዴ?» አሉኝ። መኪናዋን በሚጎትት መኪና አስወሰድኳት።

ሁለተኛዎቹ

አንድ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክና አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ጋሼ (መካኒኩን የምጠራቸው እንዲህ ነው) ያመጣሁትን ዕቃ ሊያዩት እንኳ አልፈለጉም። «መጀመሪያ ሞተሩ ጤነኛ ነው ወይ?» አሉ። የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለኩ፤ ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊሜትር ላይ አስተካከሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው የማኒፎልዱን መጋጠሚያ ጎሚኒዎች በሚረጭ ፈሳሽ ፈተሹ። በግራ በኩል ሲረጩ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ጎሚኒው ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር። «በዚህ ላይ ኮምፒውተር ብትጭንበት ኮምፒውተሩ ውሸት ይሰማል» አሉኝ። አንድ ቀን ሙሉ በዚህ አለፈ፤ ለእኔ ከጉዞዬ ሁሉ ምርጡ ቀን ያ ነው።

ቀጥሎ ኢንጀክተሮቼን አዩ። ሻጩ «ትልቅ ይሻላል» ብሎኝ የገዛኋቸው እያንዳንዳቸው በደቂቃ 440 ሲሲ የሚያወጡ ናቸው። ጋሼ በወረቀት ላይ አሰሉት፤ 50 ፈረስ ጉልበት ላለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ለአንዱ ከ100 ሲሲ ያነሰ ይበቃል። በጣም ትልቅ ኢንጀክተር በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ላይ የሚከፈትበት ጊዜ እጅግ ስለሚያጥር መጠኑን በትክክል መቆጣጠር አይቻልም። ስለዚህ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ከነበራት አሮጌ መኪና የወጡ አራት ኢንጀክተሮች ገዛን። ያገለገሉ ስለሆኑ ወደ ኢንጀክተር አጣቢ ወሰድናቸው። አራቱንም በመስተዋት ቱቦዎች ላይ ጎን ለጎን አስረጭቶ አሳየን፤ ሦስቱ እኩል ሲሞሉ አንደኛው ወደ ኋላ ቀረ። ካጠበው በኋላ አራቱም እኩል ሞሉ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ግን ደንበኛው በዓይኑ እንዲያይ ማድረጉን በጣም አደንቅለታለሁ።

ሰልባትዮውን (የነዳጁን ታንክ) ሲያወርዱት ውስጡ ዝገት ነበር። አሮጌ መኪና ላይ ይህ ቢታለፍ አዲሱ ፖምፓና ኢንጀክተሮቹ ብዙም አይቆዩም። ታጠበ፣ ወደ ሰልባትዮው የሚመለስ ሁለተኛ የነዳጅ መስመር ተበጀለት፤ ካርቡሬተር ላይ መመለሻ አያስፈልግም ነበር። ፖምፓው ከፊት፣ ከሰልባትዮው ዝቅ ብሎ ተገጠመ፤ እነዚህ ፖምፓዎች መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንላቸውም። ጎማው በሙሉ ለኢንጀክሽን ግፊት የተሠራ ሆነ፤ ፋሼታዎቹም ጠርዛቸው የማይቆርጥ።

ቶርኖ ቤቱ

ኢሲዩው ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በፑሌጃው (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው መዘውር) ላይ ከሚታሰር ባለ ጥርስ የብረት ጎማ ነው። 36 ጥርስ የሚይዝ ቦታ አለው፤ አንዷ ጥርስ ግን ሆን ተብሎ ተትታለች። በዚያች ክፍተት ኢሲዩው መቁጠር ይጀምራል። ሴንሰሩ ከጥርሶቹ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ ጎማው ሲዞር ትንሽ ቢወዛወዝ ቆጠራው ይፋለሳል። የመጀመሪያው ተወዛወዘ። ወደ ቶርኖ ቤቱ ስንመልሰው ባለሙያው ራሱ ለካው፣ ስህተቱ የእሱ መሆኑን አመነ፣ በማግስቱ አዲስ ቆርጦ ሰጠን፤ ተጨማሪ አልጠየቀንም። እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ ደጋግሜ ባመሰግን ደስ ይለኛል።

ኤሌክትሪሺያኑ

ስለዚህ ልጅ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ። ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም። እያንዳንዱን ሽቦ በቀለም ለየ፣ ጫፉ ላይ ቁጥር አሠረበት፣ መጋጠሚያውን በመጭመቂያ አጥብቆ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፈነው። ለኢሲዩው፣ ለፖምፓውና ለኢንጀክተሮቹ የየራሳቸው ፊውዝና ሪሌ ሰጣቸው። ከሁሉ በላይ የተጨነቀው ለማሳው (ለኔጌቲቩ መስመር) ነው። የሴንሰሮቹን ማሳ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ኢሲዩው አንድ ነጥብ አመጣው፤ ኢንጀክተሮቹንና ኮይሉን የሚያሠራውን የኢሲዩውን የኃይል ማሳ ደግሞ ለብቻው ከሞተሩ ብረት ጋር አሠረው። «ሞተሪኖው ሲዞር ብዙ አምፔር ነው የሚሄደው፤ ያ በሴንሰር ማሳ በኩል ካለፈ ሴንሰሩ የተሳሳተ ቮልት ይሰጣል» አለኝ። ካንዴላዎቹንም ሬዚስተር ባላቸው አስቀየረን፤ ከድሮዎቹ የሚወጣው ብልጭታ የሬድዮ ሞገድ ስለሚረጭ የጥርስ ቆጠራውን ያምሳል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያስገርመኛል። የቮልስ ሞተር ውሃ ስለሌለው የሙቀት ሴንሰሩ የሚቀመጠው ቴስታታው ላይ ነው። እኔ ያመጣሁት ሴንሰር የኦም ሰንጠረዥ (በየሙቀቱ ስንት ኦም እንደሚያሳይ የሚነግር) አልነበረውም። ልጁ በረዶ ባለበት ውሃ ነክሮ ለካው፣ ከዚያ በፈላ ውሃ። ሁለተኛውን ሲመዘግብ 100 ዲግሪ ብሎ ይጽፋል ብዬ ስጠብቅ 92 ብሎ ጻፈ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው እዚያ ላይ ነው። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎችን ይዤ የመጣሁት እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ሞተሩ ሲግል የሚደርስበትን ሙቀት፣ ዘይት እያሞቀ፣ በቴርሞሜትር እያየ ለካ።

ማስተካከሉ

በጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር መግጠሚያ ተበየደ። ለቤንዚን የተመጣጠነው ድብልቅ በክብደት ለ1 ነዳጅ 14.7 አየር ነው፤ ሴንሰሩ ከዚያ በላይና በታች ያለውን ያነባል። ላፕቶፕ ጭኜ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ልጁ ከፊት፣ አባቴ መሪው ላይ። ሦስት ቀን ዳገትና ቁልቁለት ነዳን። በመጀመሪያው ቀን ቤንዚን በድንገት ሲረገጥ ሞተሩ ይደነቅፍ ነበር፤ ለዚያ ቅጽበት የሚጨመረው ነዳጅ አንሶ ነው። በሁለተኛው ቀን ተስተካከለ። በሦስተኛው ቀን ቆላ ድረስ ወርደን ተመለስን፤ አየሩ እየከበደ ሲሄድ ኢሲዩው ነዳጁን እያሳደገ፣ ስንወጣ እየቀነሰ፣ አባቴ ምንም ሳይነካ። ዳገቱን ሲወጣ ዝም አለ። ከዚያ «እንዲህ ሆና አታውቅም» አለ።

ቅሬታም አለኝ። ሁለተኛዎቹ ካሉኝ ቀን ዘጠኝ ቀን ዘግይተዋል። አልሰነፉም፤ ግን መዘግየታቸውን እኔ ስጠይቅ እንጂ እነሱ ቀድመው አልነገሩኝም። የበረራ ቀን ላለበት ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ከውጭ የምትመጡ ሥራውን በመጨረሻው ሳምንት አትጀምሩት። ሴንሰር ስትገዙ ከነሶኬቱ ግዙ፤ አንዲት የሶኬት ፕላስቲክ ሁለት ቀን አስቆማናለች። ኢሲዩውንም ማንም ሰው በነጻ ፕሮግራም ሊከፍተው የሚችለውን ምረጡ፤ እንደ ሜጋስኩዌርትና ስፒዱዊኖ ያሉ አሉ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነገር ይዛችሁ መጥታችሁ ከሄዳችሁ መኪናዋን የሚያስተካክላት እጅ አይኖርም።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነበር። እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ መኪናዋ ከአባቴ ጋር ትቀራለች። ካርቡሬተር ቢበላሽ በየሰፈሩ የሚፈታው አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ሳልነግረው ገብቶታል። የሽቦውን ካርታ በአማርኛ በእጁ ሥሎ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ ከፊት ክዳኑ ሥር ለጠፈው። በየሽቦው ላይ ያሠራቸው ቁጥሮች ካርታው ላይ አሉ። የዙር ሴንሰርና የፖምፓ ሪሌ መለዋወጫ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትተናል። ካርቡሬተሩና የድሮው ፖምፓ ታጥበው፣ ዘይት ተቀብተው፣ ቤት ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል፤ አስፈላጊ ከሆነ ጋሼ በአንድ ቀን ይመልሱታል።

አባቴንም አስተማረው። ቁልፉን ሲከፍት የፖምፓውን ድምፅ ለሁለት ሰከንድ እንዲያዳምጥ፤ ካልሰማ መጀመሪያ ሦስተኛውን ፊውዝ እንዲያይ። ከሄድኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለፈው እሑድ ስደውልለት ጠዋት አንድ ጊዜ አልነሳ ብላው እንደነበረ ነገረኝ። ፖምፓውን አዳምጧል፣ ድምፅ የለም፤ ክዳኑን ከፍቶ በካርታው ላይ ሦስተኛውን ፊውዝ ፈልጓል፤ ላልቶ ነበር፣ ገፋ አድርጎ አስገባው። ከዚያ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሚኒሞውን አሰማኝ።