«የእሷን ልጆች ባንተ ላይ እናስገባቸው» የሚል ታክስ ሠሪ ሲገጥማችሁ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ሳታነቡ ታክስ አታሠሩ። አንዳንድ ታክስ ሠሪዎች የፍቅር ጓደኛን ልጆች ዲፔንደንት (በእናንተ የሚተዳደር ጥገኛ) አድርገው እያስገቡ ብዙ ሺህ ዶላር ሪፈንድ (ተመላሽ ገንዘብ) ቃል ይገባሉ። በትክክል ከተሠራ ግን ከእነዚህ ልጆች የሚገኘው ቢበዛ በልጅ 500 ዶላር ነው፤ እሱም ከታክስ ዕዳችሁ ላይ የሚቀነስ እንጂ በእጅ የሚሰጥ አይደለም።

አይአርኤስ (የአሜሪካ የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) የእንጀራ ልጅ የሚለው ከልጁ ወላጅ ጋር በሕግ ስትጋቡ ብቻ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ዘመድ ሁሉ ቢያውቀውም ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪ ያለ ጋብቻ ፈቃድ ትዳር አይሆንም። በዲሲ፣ በቴክሳስና በኮሎራዶ ደንቡ ስለሚለይ እዚያ ያላችሁ አጣሩ። ዝምድናው ከሌለ ቻይልድ ታክስ ክሬዲት የሚባለው የልጅ የታክስ ቅናሽ (ለ2025 በልጅ እስከ 2,200 ዶላር) የለም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠው ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ለ2025 ለሁለት ልጅ እስከ 7,152 ዶላር) የለም። በእነዚህ ልጆች ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ታክሱ የሚቀንስለት የቤት ኃላፊ) መሆንም አይቻልም።

500ውም ቢሆን እንዲሁ አይገኝም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31፣ እናንተ ቤት መኖር አለበት። ከወጪው ከግማሽ በላይ የምትሸፍኑት እናንተ መሆን አለባችሁ። የራሱ ገቢ ለ2025 ከ5,200 ዶላር ማነስ አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን አራተኛው ላይ ነው፦ ልጁ ከእናቱ ጋር ስለሚኖር በደንቡ ቅድሚያ የእሷ ነው። ለእናንተ የሚለቀቀው እሷ ፋይል የማድረግ (ታክስ የማስገባት) ግዴታ ከሌለባትና ጭራሽ ካላደረገች፣ ወይም ከደመወዟ የተቆረጠውን ለማስመለስ ብቻ ካደረገች ነው። እሷ በዚያው ልጅ ኧርንድ ኢንካም ከጠየቀች የእናንተ ወዲያው ይወድቃል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት 1040 የሚባለውን ዋናውን የታክስ ፎርም አስከፍቱና ለልጁ የተሞላውን የዝምድና ቦታ በዓይናችሁ እዩ። «ሰን»፣ «ዶተር» ወይም «ስቴፕቻይልድ» (የእንጀራ ልጅ) ተብሎ ከተሞላ ውሸት ነው። «ፎስተር ቻይልድ» የሚባለውም ፍርድ ቤት ወይም ፈቃድ ያለው ድርጅት ያስቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። እናትየዋን ፎርም 8332 አስፈርሞ «አሁን ሕጋዊ ሆነ» የሚልም አለ፤ ያ ፎርም ተለያይተው ለሚኖሩ የልጁ ወላጆች እንጂ ለፍቅር ጓደኛ አይሠራም። 35ኛው መስመር ላይ ያለው የባንክ ቁጥር የራሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ። የሠሪው ስምና ፒቲን (አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠው መለያ) ቁጥር ከታች ከሌለ፣ ወይም ክፍያውን ከሪፈንዱ በመቶኛ ከጠየቀ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አይአርኤስ ሲደርስበት ገንዘቡን ከነወለዱ ያስመልሳል፣ 20 በመቶ ቅጣት ይጨምራል፤ ሆነ ተብሎ የተደረገ ማጭበርበር ካለው ደግሞ 75 በመቶ። ደንቡን በግዴለሽነት ወይም ሆን ብሎ በመጣስ ከተባለ 2 ዓመት፣ በማጭበርበር ከተባለ 10 ዓመት ከክሬዲቶቹ ያግዳል። እገዳው ነገ የራሳችሁን ልጅ ብትወልዱም ይከተላችኋል፣ በጣም የሚያሳዝነው ይህ ነው። ሠሪው በሚያዝያ ቢሮውን ዘግቶ ይሄዳል፣ ፊርማው ግን የእናንተ ነው።

አስቀድማችሁ እንዲህ አስገብታችሁ ከሆነ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የማስተካከያ ፎርም በሆነው 1040-ኤክስ አስተካክሉ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ቪታ የሚባለው የአይአርኤስ አገልግሎት በነፃ ይሠራላችኋል። ሠሪውን በፎርም 14157 መክሰስ ትችላላችሁ። እናንተ ሳታውቁ ወረቀቱን ለውጦ ከሆነ 14157-ኤ አብሮ ይገባል፣ የሰጣችሁን ኮፒም አያይዙ።