ቃታ ሳልነካው የተኮሰው ሲሚኖፍ፦ የ11 ወር ልምዴ

ቃታውን አልነካሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪኩን ስነግራቸው ብዙዎቹ "ሳታውቀው ነክተኸው ነው" ይሉኛልና። አልነካሁትም። ጣቴ ከቃታው ውጪ፣ እንጨቱ ላይ ተዘርግታ ነበር። መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳብኩና ለቀቅኩት። ጥይቱን አጎረሰ፤ ወዲያው ተኮሰ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ ሁለተኛውን ደገመው። ዷ፣ ዷ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን ጥይት ስላለቀበት ብቻ ነው።

ጠመንጃው ኤስኬኤስ ነው፤ አገር ቤት ሲሚኖፍ የምንለው። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የተባለ የሶቪየት መሐንዲስ የነደፈው፣ ስሙም ከእሱ የመጣ። የእኔው ዩጎዝላቪያ የተሠራው ኤም 59/66 የሚባለው ነው። 7.62 በ39 ጥይት ይጎርሳል፤ ያው የክላሹን ጥይት ማለት ነው። ካዝናው ከሆዱ ጋር የተያያዘ ሆኖ አሥር ጥይት ይይዛል። ከፊል አውቶማቲክ ስለሆነ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። የገዛሁት ያገለገሉ ጠመንጃዎች ከሚሸጥ አንድ ሱቅ በ550 ዶላር ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት እንዲህ ያለው ከ200 ዶላር በታች ይሸጥ እንደነበር አውቃለሁ። ያኔ እኔ እዚህ አልነበርኩም። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ጥይት የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ ልግዛ ብትል ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ ያስወጣሃል። ስለዚህ ዋጋው አላንገበገበኝም።

ያንገበገበኝ የሻጩ ቃል ነው። "ጠርገነዋል፤ ወስደህ ተኩስበት" አለኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልነገረኝም። እውነትም ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት ውስጡ ንጹሕ ነው። አመንኩት።

እነዚህ ጠመንጃዎች ከወታደር እጅ ከወጡ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሣጥን ተከማችተው የቆዩ ናቸው። እንዳይዝጉ ኮስሞሊን በሚባል ወፍራም ቅባት ይለወሳሉ። ቀለሙ ማር ይመስላል። ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሲበርድ እንደ ሞራ ይረጋል። ከላይ ያለው በጨርቅ ይነሣል። መዝጊያው ውስጥ የገባው ግን ተፈታቶ ካልታጠበ ንቅንቅ አይልም።

ችግሩ ያለው እዚያ ነው። የጥይቱን ቂጥ የምትመታው መርፌ መዝጊያው ውስጥ ባለ ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ትመላለሳለች። የመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ሲሚኖፎች መርፌዋን ወደ ኋላ የሚመልስ ትንሽ ሞላ ነበራቸው። በኋላ የተሠሩት፣ የእኔውም ጭምር፣ ሞላ የላቸውም። መርፌዋ ልቅ ናት። ቅባቱ ወደ ፊት እንዳጋደለች ይዞ ካስቀራት፣ መዝጊያው ተወርውሮ በተዘጋ ቁጥር ጥይቱን ትወጋዋለች። ቃታ ሳበው አልሳበው፣ ለእሷ ልዩነት የለውም። አሥር ጥይት ብትሰጠው አሥሩንም አከታትሎ ሊጨርሰው ይችላል።

እኔ አሥር ልሰጠው ነበር። አሥሩን ጥይት አንድ ላይ ሰድሮ የሚይዘውን ቀጭን ብረት በእጄ ይዤ ነበር። ያዳነኝ አብሮኝ የመጣው ሰው ነው። አገር ቤት ወታደር የነበረ፣ ሲሚኖፍ ይዞ የዘመተ፣ በሰፈራችን ሁሉም ጋሼ የሚለው ትልቅ ሰው ነው። ከኋላዬ ቆሞ ያየኝ ነበር።

"ሁለት ብቻ አጉርስ" አለኝ።

"ጋሼ፣ ታጥቧል እኮ ብለውኛል።"

"ማን አጠበው? አንተ አጥበኸዋል?"

ዝም አልኩ።

"እንግዲያው ሁለት። አፉንም ከዒላማው እንዳታነሣ።"

ታኅሣሥ ነበር፤ ጠዋቱ ብርድ ነው። ቅባቱ መኪናው ኋላ ሲያድር ረግቶ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ሁለቱም ጥይት ከአፈር ቁልሉ ላይ አረፈ። ሰው አልተጎዳም። የቦታው ተቆጣጣሪ እየሮጠ መጣ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀለሆቹን ለቀምኩ። አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አሉ።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። "ቃታውን ነክተኸው ይሆናል" አለኝ ሻጩ። አልነካሁም አልኩት። ጓደኛው ከጎን ገባና "የድሮ ጠመንጃ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል" አለ። እዚያ ቆሜ የምመልሰው ጠፋኝ። አሁን ግን አለኝ። የድሮ ጠመንጃ እንዲህ አያደርግም፤ ያልታጠበ ጠመንጃ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እንደሚያደርግ ካወቅህ ደግሞ ገንዘቤን ስትቀበል ልትነግረኝ ይገባ ነበር። "ውስጡን አልፈታነውም፤ ሳትተኩስ መዝጊያውን ፍታው" ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? 550 ዶላር ከፍዬ የጠየቅሁት ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቤቴ ልጆች አሉ። ያቺ ጠዋት በሌላ መንገድ ልታልቅ ትችል ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ማጠቡን ራሴ አጠብኩት። ጋራዥ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ መዝጊያውን አወጣሁ። መርፌዋን የያዘችውን ትንሽ ምስማር በቀጭን ብረትና በመዶሻ ቀስ ብዬ ገፋኋት። ምስማሯ ወጣች። መርፌዋ ግን እምቢ አለች። መዝጊያውን ዘቅዝቄ መዳፌ ላይ ባንኳኳው፣ ባንኳኳው፣ ወይ ፍንክች። የፈላ ውኃ ስደፋበት ቡናማ ነገር እየተዝለገለገ መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ተንሸራትታ ወጣች፤ ዙሪያዋን በቅባት ተጀቡናለች። ከዚያ አገር ቤት አኳራጅ የምንለውን የቀለም ማቅጠኛ ደጅ አውጥቼ፣ ከእሳት ርቄ፣ ቀዳዳውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በሦስተኛውም ቡናማ ነው የወጣው። አራተኛው ጠራ። አድርቄ መልሼ ገጠምኩትና መዝጊያውን ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መርፌዋ እንደ ልቧ ትመላለሳለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ በራሱ አልተኮሰም። አንድም ጊዜ ጥይት ነክሶ አልቆመም። በ11 ወር ውስጥ ከ600 ጥይት በላይ አልፎበታል።

ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ አንጻር ትንሽ ነው። ከ4 ኪሎ አለፍ ይላል፤ አፈሙዙ ላይ ለቦምብ መወርወሪያ የተሠራ ብረት ስላለ ወደ ፊት ይጎትትሃል። ሳንጃውም አብሮት ታጥፎ ተቀምጧል። ርግጫው ቀላል ነው። በ100 ያርድ ጥይቶቹ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ያርፋሉ። ለእኔ ዓይን ይበቃኛል። ከኋለኛው ማነጣጠሪያ ፊት ጋዙን የሚዘጋ ቁልፍ አለ፤ ለቦምቡ ተብሎ የተሠራ ነው። እሱ ከተዘጋ ጠመንጃው በራሱ አያጎርስም፤ በየጥይቱ መዝጊያውን በእጅህ መሳብ አለብህ። "ተበላሸብኝ" ከማለትህ በፊት እሱን እይ።

የማይተኙለት አንድ ነገር ግን ልጨምር። የዩጎዝላቪያው በርሜል ውስጡ ክሮም አልተቀባም። ከዚያው አገር የመጣው የድሮ የወታደር ጥይት ደግሞ በርሜል የሚበላ ጨው ይተዋል። ያንን ከተኮስክ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው። ለነገ አትበል። አሜሪካ ከመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ ካቆመች ወዲህ ርካሹ ጥይት እንደ ድሮው እንደ ልብ አይገኝም። ሰው አሮጌውን ሣጥን የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሌላ ሱቅ ሄጄ አንዱ "ይህን እንጨት ጥለህ ፕላስቲክ ሰደፍ አድርግለት፤ ሠላሳ የሚይዝ ተነቃይ ካዝናም አለኝ" አለኝ። አይሆንም። ከውጭ በገቡ ክፍሎች ለስፖርት የማይሆን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ መገጣጠምን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ። ስለ ሕጉ ግን አንድ ቃል አልነገረኝም፤ ዕቃውን ብቻ ነው የዘረጋልኝ። በዚያ ላይ እንጨቱ ውብ ነው። ሐምሌ ላይ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አስቀምጬው ቅባቱን እንደ ላብ ተፋው። ስወለውለው ከሥሩ የቡና ቀለም ያለው የእንጨት ጅማት ወጣ። ሰደፉ ጫፍ ላይ ክዳን አለች። ስከፍታት ትንሽ የመወልወያ ዕቃ በቱቦዋ ውስጥ እንዳለች አገኘኋት። ማን እንደያዛት እንጃ፤ ግን በደንብ የያዛት ወታደር ነበር።

የገዛሁት ለአደን ነው። በቴክሳስ የዱር አሳማ ገበሬውን አማርሮታል፤ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባለመሬቱ ከፈቀደ ለአሳማ የአደን ፈቃድ እንኳ አያስፈልግም። እኛ አንበላውም፤ ባለመሬቱ ይወስደዋል። የእኔ ልብ ያለው አጋዘን ላይ ነው። በፈረንጆቹ ኅዳር መባቻ ላይ ይከፈታል። ለእሱ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፣ ኮርሱን ጨርሻለሁ። ጫፉ ለስላሳ የሆነ የአደን ጥይትም ገዝቻለሁ፤ የወታደሩ ጥይት ሰንጥቆ ያልፋልና።

እንደገና እገዛው ነበር ወይ? እገዛው ነበር። ከዚያ ሰውዬ ግን አይደለም። ሽጥልኝ ያለኝ ጓደኛ አለ፤ 700 ልስጥህ ብሎኛል። እምቢ አልኩት። የራስህን ስትገዛ ከሱቁ ሳትወጣ መዝጊያውን አስወጣና ጆሮህ ላይ ነቅንቀው አልኩት። ቀጭ ቀጭ ካላለ፣ ሳታጥብ አንድም ጥይት እንዳታጎርስ።

ትናንት ማታ ጋሼ ደወለልኝ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።

"አጠብከው?" አለኝ።

"አጥቤዋለሁ ጋሼ።"

"አሰማኝ እስቲ።"

ስልኩን አስጠግቼ መዝጊያውን ነቀነቅኩት።

"ሰሙት?"

"ሰማሁት። በል ደህና እደር፤ አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ ነኝ።"